አታሚ ሞልቶ አሳታሚ ጠፋ



ባለፈው ክረምት፣ በእኛ በሊበን፣ ፍኖተ ሰላም ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ ሁለት ወፍራም ደብተሮች በፌስታል ጠቅልላ ቤቴ መጣች። ልብ ወለድ ጽፋለች። «ኡስታዝ፣ እባክዎ አሳታሚ ይፈልጉልኝ» አለችኝ። አባቷ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ የዘንድሮውን ሽያጭ ለማተሚያ ቤት ሊከፍልላት ቆርጦ ተነስቷል። እኔ ግን መልስ መስጠት አቃተኝ። ለምን እንዳቃተኝ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

በ1998 ዓ.ም. እኔም ስለ ልጆች አስተዳደግ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ ጽፌ ነበር። ገንዘብ ተበድሬ አዲስ አበባ ሄድኩና አንድ ማተሚያ ቤት ገባሁ። የተጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው፤ ስንት ገጽ? ስንት ኮፒ? ቀብድ ይዘሃል? «ምን ጻፍክ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። አንድ ሺህ ኮፒ ታተመልኝ። ስድስት መቶውን አንድ አከፋፋይ በቃል ብቻ ተረከበኝ። «ወንድማማቾች አይደለንም እንዴ፣ ወረቀት ለምን?» ተባባልን። ከዚያ በኋላ ገንዘቡም መጽሐፉም አልተመለሰም። የቀረውን አራት መቶ ይዤ አገሬ ገባሁ። ያየኝ ሁሉ «ማሻአላህ፣ ጀዛከላሁ ኸይር!» አለኝ። ከስድስት ወር በኋላ ቡሬ ያለ አንድ ባለሱቅ አስጠራኝና «ኡስታዝ፣ ምዕራፍ አራት የት አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ገልጬ ባየው ምዕራፍ ሦስት ሁለት ጊዜ ተጠርዟል፤ ምዕራፍ አራት ጭራሽ የለም! ማተሚያ ቤቱን ብቻ ብወቅስ ፍርድ ማጉደል ይሆናል። ስድስት ወር ሙሉ ያመሰገነኝ ሰው መጽሐፉን እንዳላነበበው፣ እኔም ራሴ ከታተመ በኋላ እንዳልገለጥኩት የገባኝ ያን ዕለት ነው።

እስቲ ሁለት ቃላትን እንለይ። አታሚ ማለት ማሽን፣ ወረቀትና ቀለም ያለው ነው፤ የሰጡትን አትሞ ዋጋውን ይቀበላል። አሳታሚ ግን ረቂቁን አንብቦ የሚመርጥ፣ የሚያሳርም፣ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ የሚያከፋፍልና ለደራሲው ድርሻውን የሚከፍል ነው። ኪሳራ ቢመጣም የእሱ ነው። በውጭው ዓለም ደግሞ የደራሲ ወኪል የሚባል አለ። ረቂቁን ያነባል፤ ካመነበት ለአሳታሚ ያቀርባል፤ ስለ ውሉም ይከራከራል። ድርሻው ደራሲው ከሚያገኘው ላይ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 15 ነው፤ ደራሲው ካላገኘ እሱም አያገኝም። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ገንዘብ አምጣ የሚል «ወኪል» ቢገጥማችሁ ራቁት። እኛ ዘንድ ይህ ሙያ አልተለመደም፤ የእውነት አሳታሚዎችም ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። በዚህ ምክንያት አንዱ ሰው ደራሲ፣ አራሚ፣ አሳታሚና ነጋዴ ይሆናል።

ማተሚያ ቤት አልጠፋብንም። ብርሃንና ሰላም ከተቋቋመ ከ1914 ዓ.ም. ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ ይመርጥ፣ ያሳርም፣ ያሳትም ነበር፤ ነገር ግን ሳንሱር በላዩ ላይ ነበረበት። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ራሱ ኩራዝ ሲሆን መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን አስቀረ። እስላማዊ መጽሔቶችና መጻሕፍትም ከዚያ ወዲህ እንደ ልብ መውጣት ጀመሩ፤ አልሐምዱሊላህ! ይሁንና አንድ መራራ ነገር ልናገር። ሳንሱሩ በክፉ ዓይንም ቢሆን እያንዳንዱን ገጽ ያነብ ነበር። እሱ ሲሄድ በደግ ዓይን የሚያነብ ሰው በቦታው አልተካንም። በሩ ተከፈተ፤ በሩ ላይ ቆሞ «ይህን አርመህ ተመለስ» የሚል ወዳጅ ግን የለም። የዛሬው ሂሴ ይኸው ነው።

መድረሳ የተማርን ሰዎች ይህን መርሳት አልነበረብንም። ደረሳ የገለበጠውን ኪታብ ሸኹ ፊት መልሶ ሳያነብ ተማርኩት አይልም። ኢማም ማሊክ «ሙወጧእ»ን ለሰባ የመዲና ፉቀሃእ አቅርበው እንዳስመዘኑት፣ ስሙም ከእነሱ ስምምነት እንደመጣ ይተረካል። ባግዳድ ውስጥ ወራቅ የሚባሉ ኪታብ እየገለበጡ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። «አል-ፊህሪስት»ን በ377 ዓመተ ሒጅራ ያዘጋጀው ኢብኑ ነዲም ከእነሱ አንዱ ነው፤ የሚሸጠውን ያውቅ ስለነበር የዘመኑን የዐረብኛ ኪታቦች ዘርዝሮ አወረሰን። ዛሬ ስንቱ መጽሐፍ ሻጭ ነው ከሽፋኑ አልፎ የሚያውቀው?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ ማንኩሳን እናልፋለን። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪክ የሚጀምረው ከዚያች ከተማ ነው። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ «እኔስ ለምን አልጽፍም?» ይላሉ፤ ደግ ምኞት ነው። ነገር ግን ደራሲው በ1902 ዓ.ም. የተወለዱ ሲሆን ይህ ልብ ወለዳቸው የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሰማው። መጽሐፍ የሚኖረው አንባቢና አድማጭ ሲያገኝ ነው፤ ከማተሚያ ቤት መውጣቱ ብቻ አያኖረውም።

ወቀሳው ለእኛ ለቤተሰቦችም ነው። ደራሲው ዘመዳችን ከሆነ መጽሐፉን በነፃ እንጠብቃለን፤ ባዳ ከሆነ ደግሞ «ማን ያውቀዋል?» ብለን እንተወዋለን። ገዝተን፣ አንብበን፣ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ብንለው ከመቶ ምርቃት ይበልጥበት ነበር።

እንግዲህ የሚጽፍ ልጅ ያላችሁ ወላጆች! ከገንዘቡ በፊት አንባቢ ፈልጉለት፤ ቢያንስ አንዱ ባዳ ይሁን። ለአሳታሚ ስትልኩ የታሪኩን ፍሬ ነገር በአንድ ገጽ፣ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጋር ላኩ፤ ዋናውን ደብተር ለማንም አትስጡ። በራሳችሁ ወጪ ማሳተም ግድ ከሆነ በጥቂት ኮፒ ጀምሩ፤ የመጨረሻውን ሂሳብ ሳትከፍሉ የተጠረዘውን ገጽ በገጽ ቁጠሩ። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን በተለምዶ ወመዘክር ከምንለው መሥሪያ ቤት አውጡ። የቅጂ መብት ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ይህን ያህል ሀብት ለአንድ ጊዜ ማተሚያ ዋጋ ብላችሁ አትልቀቁ።

ከሁሉም በላይ ውሉን ጻፉ! ስንት ኮፒ፣ በምን ዋጋ፣ መቼ እንደሚተሳሰቡ፣ ያልተሸጠው እንዴት እንደሚመለስ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያህ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው ነው፤ የሚናገረውም ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። እኔ ይህን አያህ ለልጆች ሳስተምር ኖሬ ስድስት መቶ መጽሐፍ በቃል አስረከብኩ። ጥፋቱ የማን ነው?

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ደብተሮቹን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኝ አነበብኳቸው። የመጀመሪያው ስለ አያቷ ነው፤ ሲያነቡት እንባ ያመጣል። ሁለተኛው ችኮላ ይታይበታል። አባቷን «በርበሬው ይቆይ» አልኩት፤ ቅር አለው። እሷም ፊቷ ጠቆረ፤ ደብተሯን ይዛ ዝም ብላ ወጣች። ያስቀየምኳት መስሎኝ ሰነበትኩ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ሦስት ምዕራፎች እንደ አዲስ ጽፋ መጣች። አንዱን ቅጂ ለአማርኛ መምህር፣ አንዱን ለጎረቤታችን ለአንዲት እናት፣ አንዱን ምዕራፍ አራትን ለጠየቀኝ ለቡሬው ባለሱቅ ሰጠን። አሳታሚ ገና አላገኘሁላትም፤ ሦስት አንባቢ ግን አግኝታለች።

እናንተም ዛሬ ማታ ወዳጅ ጽፎ ከሰጣችሁ መጽሐፍ አንዱን ከመደርደሪያ አውርዱ። ምዕራፍ አራቱ መኖሩን እዩለት።

ወላሁ አዕለም።