የምንስቀው በማን ላይ ነው?

አንድ የልጆች ፊልም «ለቤተሰብ ይሆናል ወይ?» ሲባል አብዛኞቻችን የምንቆጥረው ጎራዴና ደም ነው። በዚህ ሚዛን «ዘ ፓይሬትስ!» ያለ ችግር ያልፋል። የእንግሊዙ አርድማን ስቱዲዮ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው፣ አሻንጉሊቶችን በእጅ ትንሽ በትንሽ እያንቀሳቀሱ የተቀረጸ፣ ፒተር ሎርድ ዳይሬክት ያደረገው የባሕር ወንበዴዎች ኮሜዲ ነው። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ሰው ተንሸራቶ በወደቀ ቁጥር ልጆቹ የሚስቁት በማን ላይ ነው?

የፊልሙ መልስ በአብዛኛው ደስ ይላል። የሚሳቅበት ራሱ ካፒቴኑ ነው። ጢሙ ያማረ፣ ጉራው የትየለሌ፣ ዝርፊያው ግን የማይሳካለት ሰው፤ ሆኖም «የዓመቱ ወንበዴ» ተብሎ ካልተሸለመ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። በቀቀን መስላው የሚወዳት ፖሊ ከምድር ጠፋች የተባለችው ዶዶ መሆኗን የሚነግረው ቻርልስ ዳርዊን ነው። ከዚያ በኋላ በዳርዊን ቤት ደረጃ ላይ በገንዳ እየተንሸራተቱ የሚሯሯጡበት ትዕይንት አለ፤ ትልቅ ሰውም ሆዱን ይዞ ይስቃል። የሚወድቀው ኩራተኛው ስለሆነ ሳቁ ማንንም አይጎዳም።

አንድ ቀልድ ግን ከዚህ መስመር ወጥቶ ነበር። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት በተለቀቀው ማስታወቂያ ላይ ካፒቴኑ ወርቅ ፍለጋ አንድ መርከብ ላይ ዘሎ ይገባል፤ መርከቡ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆኖ ይገኛል፤ የአንዱ ክንድ ወልቆ ይወድቃል። ለሕሙማኑ የሚሠሩ ሰዎች ተቃወሙ፤ ስቱዲዮውም ሰምቶ ንግግሩን ቀየረው። «ቀልድ ነው፣ ምን ያካብዳል?» ያሉ አልጠፉም።

እኛ አገር ግን አያካብድም። «ቆማጣ» ዛሬም ስድብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት እያለን እንኳ፣ ስሙ ሲነሳ ፊቱን የሚያዞር ሰው አለ። በሽታው ክንድ አያወልቅም። ነርቭ እየጎዳ ስሜት ያደነዝዛል፤ ሰውየው ሲቃጠል ወይ ሲቆስል ስለማይታወቀው ነው አካሉ የሚጎዳው። በመድኃኒት ይድናል፤ ቶሎ ከተጀመረ ጉዳቱም ሳይደርስ ይቀራል። ብዙ ሰው ዘግይቶ ሐኪም ጋ የሚሄደው ደግሞ ከሐፍረት የተነሳ ነው። ሐፍረቱን የሚያስተምረው ማን ነው? በሰባት ዓመቱ የሳቀበት ቀልድም ድርሻ አለው።

እና ልጆቹ ይዩት? አዎ፣ ይዩት። ወንበዴዎቹ የሚያብዱለት የአሳማ ሥጋ ድግስ እቤት ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፤ እንግሊዝኛውም ፈጣን ነው፤ ከሰባት ዓመት በታች ላሉት ብዙው ያመልጣቸዋል። ካፒቴኑ ለሽልማቱ ብሎ ፖሊን ለንግሥት ቪክቶሪያ ሸጦ ጓደኞቹን የሚዋሽበት ቦታ ላይ ግን አብራችኋቸው ሁኑ። እዚያ ጋ ሳቁ ቀጥ ይላል። ልጁ ዞር ብሎ «ለምን ሸጣት?» ይላችኋል፤ ስልካችሁን አስቀምጡና መልሱለት።