ፊርማ የሌላት ከተማ

በአሜሪካ የየከተማው ቴሌቪዥን ጣቢያ ከትልልቆቹ ኔትወርኮች ጋር የሚኖረው በውል ነው፤ ውል ደግሞ ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ ፎክስ፣ ሲቢኤስ ለአሠርት ዓመታት ይዞት የኖረውን የአሜሪካን ፉትቦል ስርጭት ነጠቀው። በ1994 ጣቢያዎችም ኳሱን ተከትለው ኮበለሉ፤ አንዱ የዲትሮይቱ ቻናል 2 ነው። በከተማዋ ቤት አልባ የሆነው ሲቢኤስ ቻናል 62ን በ24 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተዋዋለ። ቻናል 62 ማለት በ1975 የተከፈተ፣ በዋናው የአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው የጥቁሮች ጣቢያ ነው።

ቀማኛ የለም፤ ባለቤቶቹ ፈርመው ነው የሸጡት። ተመልካቹም የለመደውን ድራማ ቁጥር ቀይሮ ያገኘዋል። ግን የኳስ ውል በተቀየረ ቁጥር አለቃው የሚቀየር ጣቢያ “የከተማችን” የሚባለው በምን ሒሳብ ነው? ዲትሮይት እኮ በአንዱም ውል ላይ ፊርማ የላትም።