ነዳጅ ቀጂውና አንቀጽ 28፤ ስለ ሠራተኛ መቅጠርና ማሠልጠን የቀረበ ትችት

ስለ ዲጂታል ሥልጣኔ በየመድረኩ የሚነገረው ብዙ ነው። እኛ ግን ነገሩን በአርሲ ካለችው የመርቲ ወረዳ ከተማ ከአቦምሳ ሆነን ብንመለከተው ይሻላል እንላለን። አዲስ መሣሪያ ሲገባ የቆየው ሠራተኛ ይሠለጥናል ወይስ ይተካል የሚለው ጥያቄ ጎልቶ የሚታየው፥ ጥቂት ሠራተኞች ባሉት በትንሽ ከተማ ድርጅት ነውና።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ታዘዘ። ቀድሞ ሊትር አይቶ ብር ይቆጥር የነበረው ነዳጅ ቀጂ፥ ከዚያ ወዲህ የክፍያ መልእክት ማረጋገጥ፥ ኔትዎርክ ሲቋረጥ የሚመጣውን ስሕተት ማረምና ማታ ሒሳቡን ማስታረቅ ተጨመረበት። ሥራው በስሙ ያው ነው፤ በባሕርዩ ግን ተለውጧል። ባለቤቱም ሁለት መንገድ አለው፤ የቆየውን ሰው ማሠልጠን፥ ወይም ይህን የሚያውቅ ወጣት ከአዳማ ማስመጣት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 28 እንደ ደነገገው፥ አሠሪው ያዘጋጀለትን ሥልጠና እምቢ ያለ ወይም ሠልጥኖ ችሎታውን ያላገኘ ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። በዚህ ስንብቱን ሥልጠና ይቀድመዋልና ሐሳቡን እንደግፋለን። ነገር ግን ያው ድንጋጌ፥ ሥራውን የመሥራት ችሎታው መቀነሱ በምዘና የታወቀበትም ሠራተኛ እንዲሁ እንዲሰናበት ይፈቅዳል። ትችታችን እዚህ ላይ ነው። የተለወጠው ሥራው ሆኖ ሳለ፥ ሰውዬው እንደ ደከመ ተቆጥሮ ያለ አንድ ቀን ሥልጠና በዚህ በር ሊወጣ ይችላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ጀምሯል የሚሉን ይኖራሉ። መልካም ጅምር ነው፤ ዳሩ ግን ነዳጅ ቀጂው የሚፈልገው ፕሮግራም መጻፍን ሳይሆን፥ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፥ በዚያው በማደያው የሚሰጥ የጥቂት ቀን ትምህርት ነው።

ባለቤቱም፥ «አሠልጥኜው ወደ አዳማ ቢሄድብኝስ?» ቢል ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ቢሆንም የከተማው ማደያዎች አንድ አሠልጣኝ በኅብረት ቢያመጡ ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀላል።

ስለዚህ አንቀጹን የሚተረጉሙ ሁሉ፥ በአዲስ መሣሪያ ምክንያት የሚደረግ ምዘና ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ ብቻ የሚጸና መሆኑን ቢቀበሉ ተገቢ ይመስለናል። ያላስተማሩትን መፈተን ፍርድ አይባልም።