ከግርጌ የሚጀመር እርማት

የአንድን ፖለቲከኛ የሕይወት ታሪክ በውክፔዲያ ላይ ለማረም የተነሣ ጀማሪ በቅድሚያ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አጻጻፍ ነው፤ መግቢያው ረዝሟል ወይስ አጥሯል፣ ንኡስ ርእሶቹ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀዋል ወይስ አልጠበቁም የሚለው ያሳስበዋል። ይህን አሳብ የሚደግፉ ነባር አራሚዎችም አሉ፤ እነርሱ እንደሚያስተምሩት ጽሑፉ በመጀመሪያ ከላይ እስከ ታች ተነብቦ ቋንቋው መቃናት አለበት፣ ምንጮቹን መመርመር ግን በመጨረሻ ሊደረስበት ይችላል። ይህ አካሄድ ስሕተት ነው። የፖለቲከኛ ታሪክ መታረም ያለበት ከግርጌው፣ ማለትም እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከየት እንደ ተገኘ ከሚያመለክቱት ማስታወሻዎች ተነሥቶ ወደ ላይ ነው፤ ቋንቋው የተቃና ሐሰት ማንም ሳይጠረጥረው ለዓመታት ይቀመጣልና።

እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበሩት የማርቲ ሚሃን ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ስለ ተወካዩ የተጻፈውን ገጽ አንሥተው በምትኩ ራሳቸው ያዘጋጁትን የሕይወት ታሪክ አስገቡ፤ ሚሃን ከአራት የምርጫ ዘመን በላይ እንደማያገለግሉ የገቡት ቃልም በዚሁ ቀረ። ነገሩ በማግሥቱ ዓመት በጋዜጣ ወጣ። የሰዋስው አራሚ በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ የሚያገኘው ጉድለት የለም፤ የጎደለውን የሚያሳየው የለውጦች ታሪክ የተባለው መዝገብ ነው፣ ይኸውም ማን በየትኛው ቀን ምን እንደ ጨመረና ምን እንደ ቀነሰ የሚያስቀምጠው ክፍል ነው።

በአማርኛ የሚጻፉ የፖለቲከኞች ታሪኮች ደግሞ ብዙዎቹ የተቀረጹት በቀብር ላይ በሚነበበው የሕይወት ታሪክ መልክ ነው፤ ከአባታቸው ከእገሌ ከእናታቸው ከእገሊት ብለው ይጀምሩና ሹመቱንና ሽልማቱን ደርድረው በሰው አክባሪነታቸው ይደመድማሉ። በለቅሶ ቦታ ይህ ተገቢ ነው፤ የዚያ ሰዓት ተግባር ሐዘንተኛን ማጽናናት ነውና። በመዝገበ ዕውቀት ላይ ግን ይኸው መልክ አንባቢውን ያሳስታል፣ በተቃራኒው ወገን የሚጻፈው ከክስ ማመልከቻ የማይለይ ታሪክም እንዲሁ ያሳስታል። ሁለቱንም ወደ ልካቸው የሚመልሳቸው የቅጽል ማለስለስ ሳይሆን ምንጭ መጠየቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አራሚው ሊጨነቅበት የሚገባው ቀን ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ጥብቅ መሆን እንደ ግትርነት ቢቆጠርም የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ታሪክ ጥብቅነቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1961 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፣ በፌብሩዋሪ 1974 ሥልጣን ለቀቁ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 23 ቀን ወደ 60 ከሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ጋር በደርግ ውሳኔ ያለ ፍርድ ተገደሉ። ይህን ከእንግሊዝኛ የሚገለብጥ ሰው ከእያንዳንዱ ዓመት ስምንት እየቀነሰ ቢያልፍ ሥልጣን የለቀቁበትም የተገደሉበትም ዓመት 1966 ይሆንበታል። እውነቱ ግን ሥልጣን የለቀቁት በየካቲት 1966፣ የተገደሉት ኅዳር 14 ቀን 1967 ነው፤ በሁለቱ መካከል ዕንቁጣጣሽ አልፏል፣ መስከረም 2 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደዋል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት መሆኑን የዘነጋ ሰው ግድያውን ከንጉሠ ነገሥቱ መውረድ በፊት ያደርገዋል፤ ይህም ገዳዩ ማን ነበር የሚለውን ጥያቄ ጭምር ያዛባል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን ደግሞ ሌላ መሰናክል ይመጣል፤ በ1967 እንዲሁ ስለ ሆነ የ1968 መስከረም 1 ቀን ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ያለው ቀን ሁሉም በአንድ ቀን ተገፋ።

እንዲህ ያለው ስሕተት አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም፤ ጋዜጠኛ ከመዝገበ ዕውቀቱ ይቀዳዋል፣ በኋላ የሚመጣ አራሚም የጋዜጠኛውን ጽሑፍ ምንጭ አድርጎ ይጠቅሰዋል፣ ስለዚህ ሐሰቱ ራሱን በራሱ ይመሰክራል። መውጫው ዘመኑ ወደ ተወው ሰነድ መመለስ ነው። ከ1934 ጀምሮ የወጣው ነጋሪት ጋዜጣ አዋጁን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን፣ ቀኑንም በሁለቱ አቆጣጠሮች ስለሚያትም ለዚህ ሥራ የሚተካከለው የለም።

ስምም እንደ ቀን ጥንቃቄ ይሻል። የውጭ አገር ጸሐፊዎች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዘው አንድን ሚኒስትር በደፈናው ሀብተ ወልድ ሲሉ መኮንን፣ አካለ ወርቅና አክሊሉ ሦስቱም ወንድማማቾች በሚኒስትርነት ያገለገሉ መሆናቸውን የማያውቅ አራሚ የአንዱን ሥራ ለሌላው ይሰጣል። መኮንን የተገደሉት በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ነበር፣ አክሊሉም ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የበቁት ከወራት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ስምና ቀን ተጣምረው ካልታዩ የአንዱ ወንድም ሞት በሌላው ገጽ ላይ ሊገኝ ይችላል።

አክሊሉ በእስር ላይ ሳሉ የጻፉት ማስታወሻ በኋላ ታትሟል። ይህ ማስታወሻ ፈጽሞ አይጠቀስም የሚሉ አሉ፣ እንደ ዳኛ ቃል የሚቀበሉትም አሉ፤ ሁለቱም አይበጁም። ባለታሪኩ ስለ ራሱ የጻፈው የራሱን አቋም ለማስረዳት በስሙ እየተነገረ ሊጠቀስ ይገባል፣ አወዛጋቢ ለሆነው ጉዳይ ግን የሌላ ሰው ምርመራ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ ጸሐፊው ከሥልጣን ወርዶ በአሳሪዎቹ እጅ ሳለ የተጻፈ መሆኑም ለአንባቢው መነገር አለበት።

ይህን ሥራ ለዓመታት የያዘ ሰው ክፍያም ምስጋናም አያገኝም፤ የሚያገኘው የማንበብ ልማዱ መለወጡን ነው። ጋዜጣ ሲያነብ ዐይኑ በቅድሚያ ወደ ቀኑ ይሄዳል፣ ሽማግሌ ሲያወጋ ደስ ብሎት እያዳመጠ ነገሩ የሆነው ከመስከረም በፊት ነበር ወይስ በኋላ ብሎ ይጠይቃል። በወጣትነቱ ይጠላው የነበረውን ሹም ገጽ ሲያርም ለሚወደው ሰው የሚያደርገውን ያህል ይደክማል፣ ያለ ማስረጃ የገባ ክስ ሲያገኝም በጥላቻው ሳይገታ ያነሣዋል። የእነዚህን ሰዎች ዘመን ያላየ ተማሪ ስለ እነርሱ በመጀመሪያ የሚያነበው ይህንኑ ገጽ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያውቅ ድካሙ አያስመርረውም።

ስለዚህ በቤቱ የቆየ አዲስ ዘመን ወይም የተጠረዘ ነጋሪት ጋዜጣ ያለው አንባቢ የአንድን ሹም የሹመት ወይም የሽረት ቀን ባገኘ ጊዜ ገጹን ራሱ ማረም ባይሆንለት እንኳ የእትሙን ቁጥር፣ ቀኑንና ገጹን በውይይት ክፍሉ ላይ ያስፍርልን።