150 ደቂቃ ለማን? የአካላዊ እንቅስቃሴ መመሪያው ከነገሌ ቦረና ሲታይ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲታከልበት ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ላይ የነበረውን፣ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይቆይ የሚለውን ገደብ ማንሳቱ የሚመሰገን ነው። የሥራ፣ የጉዞና የቤት ውስጥ እንቅስቃሴም በመመሪያው ይቆጠራል። ሆኖም መጠኑ የተወሰነባቸው ጥናቶች በአመዛኙ በበለጸጉ አገሮች በትርፍ ጊዜ የሚደረገውን እንቅስቃሴ የለኩ ናቸው። ለነገሌ ቦረና፣ ለያቤሎና ለሞያሌ የጤና ባለሙያ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

መመሪያው ምርመራ ክፍል ሲደርስ ብዙውን ጊዜ «በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ» ወደሚል ቃል ይጠባል። 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከውኃ ነጥብ ለምትመለስ እናት ይህ ምክር ባዶ ነው። የእንቅስቃሴ ትእዛዝ መሠረቱ ድግግሞሽ፣ ክብደት፣ ቆይታና ዓይነት ነው፤ ሰውነትም የሚለወጠው ከለመደው ጥቂት ከፍ ያለ ሥራ ሲጠየቅና በቂ ዕረፍት ሲያገኝ ብቻ ነው። ለእርሷ የጎደለው ዕረፍቱ ነው። በባጃጅ ተመላልሶ ከሰዓት በኋላውን ጫት ላይ ተቀምጦ ለሚያሳልፈው ነጋዴ ግን ግማሽ ሰዓቱ ራሱ ለመጀመሪያ ሳምንት ሊበዛ ይችላል፤ በ10 ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይሻለዋል። ስለዚህ ከትእዛዙ በፊት «ዛሬ ከየት ተነሥተው በምን መጡ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የተገኘ ብቃት እንቅስቃሴው ሲቆም መጥፋቱም ይዘነጋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቶቻቸው አልቀው ወደ ከተማ ዳርና ወደ መጠለያ የገቡ አርብቶ አደሮች ከብት ተከትሎ መሄድን ባንድ ጊዜ አጥተዋል። ሆኖም በቂ ምግብ የማያገኝ ሰው በቅድሚያ የሚያስፈልገው ምግብ እንጂ የስፖርት ትእዛዝ አይደለም።

ክብደቱን በልብ ምት ለመለካት ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ የተለመደ ነው። ስሌቱ ለአንድ ሰው በ10 ምትና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል፤ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ለሚወስድ ታማሚ ደግሞ አይሠራም። መናገር እየቻሉ መዝፈን የማይቻልበት ደረጃ መካከለኛ ነው የሚለው መለኪያ ይሻላል። ይህም ቢሆን በዋናነት ለእግር ጉዞ የሚስማማ ነው። በዱብሉቅ ጥልቅ ኤላ ውስጥ ተደርድረው ባልዲ የሚቀባበሉት ሰዎች እየዘፈኑ ይሠራሉ፤ ሥራው ቀላል ነው የሚል ግን አይኖርም።

የመመሪያው የመጠን ቁጥሮች የቀኑን ሰዓትና የአየሩን ሙቀት አይለዩም። በቆላው ከተሞች ጉዳት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታማሚ በረመዳን ከማፍጠሪያው በፊት እንዲራመድ ቢታዘዝ የደም ስኳሩ በድንገት ሊወርድ፣ ሰውነቱም ውኃ ሊያጥረው ይችላል፤ ካፈጠረ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በሌላው ወቅት ማለዳ ይሻላል፤ የሽንት መድኃኒት ለሚወስዱ የደም ግፊት ታማሚዎችም እንዲሁ። እግሩ ደንዝዞ በባዶ እግር ወይም በበረባሶ ለሚሄድ ታማሚ ደግሞ እግሩ ታይቶ የሚስማማ ጫማ እስኪያገኝ ድረስ ተቀምጦ የሚሠራ የእጅና የትከሻ እንቅስቃሴ ይታዘዝለት።