የሚቆጥር ኬላ

በአንድ ግቢ አምስት ተከራይ ኖሮ የመብራት ቆጣሪው አንድ ከሆነ፣ በወር መጨረሻ ጭቅጭቅ አይቀርም። ምጣድ የሌለው ምጣድ ያለውን ያማል፤ ምጣድ ያለው ደግሞ ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚያድረውን። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ስሠራ የገጠመኝ ይኸው ነበር፤ 12 ኮምፒውተር፣ አንድ መስመር፣ አንድ ሒሳብ። ከሰዓት በኋላ መስመሩ ሲንቀራፈፍ ሁሉም ጎረቤቱን በጎሪጥ ያያል። «ጋሼ፣ ያ ጥጉ ጋ ያለው ፊልም እያወረደ ነው» ይለኛል የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ ተማሪ። ጥጉ ጋ ያለው ሰውዬ ደግሞ ኢሜይሉ አልከፈት ብሎት ተጨንቋል። የማን እውነት እንደሆነ የለየልኝ አይፒቴብልስ ነው። ከዚያ ወዲህ ደጉንም ክፉውንም አይቼበታለሁ።

አይፒቴብልስ አውስትራሊያዊው ረስቲ ረስል እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው የኔትፊልተር ፕሮጀክት ፍሬ ነው። በጥር 2001 ከወጣው ሊኑክስ 2.4 ጋር መጣና የቀዳሚውን የአይፒቼይንስን ቦታ ወሰደ። መስኮትም ሥዕልም የለውም፤ በጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ ይፈጽማል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ፋየርዎል እንለዋለን። ቃል በቃል ሲፈታ የእሳት ግንብ ነው፤ ግንብ ግን ይከለክላል እንጂ አይቆጥርም። ለእኔ ኬላ የሚለው ቃል ይበልጥ ይገልጸዋል። በነጋድራሶች ዘመን ከመተማ ወደ ጎንደር የሚወጣ ነጋዴ ኬላ ላይ ይቆማል፣ ጭነቱ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ቀረጡ ይተመናል፤ ከዚያ ወይ ያልፋል ወይ ይመለሳል። አይፒቴብልስም ፓኬቱን፣ ማለትም በመስመሩ የሚያልፈውን የመረጃ ጥቅል፣ የሚያስተናግደው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ለፓኬት ሦስት መንገድ አለው። ለማሽኑ ለራሱ የመጣው በኢንፑት ይገባል፣ ከማሽኑ የሚነሣው በአውትፑት ይወጣል፣ ለሌላ የሚተላለፈው በፎርዋርድ ያልፋል። በየመንገዱ ደንቦች ከላይ ወደ ታች ተሰልፈዋል፤ «ይለፍ» ወይም «ይጣል» ብሎ ቀድሞ የወሰነው ደንብ ነገሩን ይጨርሰዋል። ከሁሉ የወደድኩለት ግን እያንዳንዱ ደንብ፣ ጠየቅነውም አልጠየቅነው፣ ስንት ፓኬትና ስንት ባይት እንደነካው መመዝገቡ ነው። ውሳኔ የሌለው ደንብም መጻፍ ይቻላል፤ ፓኬቱን ይቆጥርና ወደሚቀጥለው ይለቀዋል። ለ12 ኮምፒውተር አንዱ ለገቢ አንዱ ለወጪ 24 እንዲህ ያሉ መስመሮች ጻፍኩ። ግቢው በአንድ ማታ ለየተከራዩ ቆጣሪ ገባለት ማለት ነው።

በነጋታው ሳየው ግን ቁጥሮቹ አሳፋሪ ነበሩ። ሙሉ ቀን የተሠራበት ኮምፒውተር የአንድ ፎቶ ያህል እንኳ አላወረደም ይላል። ሁለት ቀን ፈጀብኝ ምክንያቱን ለማግኘት። ከዝርዝሩ አናት ላይ፣ ሁሉም እንደሚያደርገው፣ «ቀድሞ የተጀመረ ግንኙነት ይለፍ» የሚል ደንብ አስቀምጬ ነበር። ይህ ለፍጥነትም ለደኅንነትም ትክክል ነው። ነገር ግን ከአንድ ግንኙነት ውስጥ አዲስ የሚባለው መነሻው ብቻ ነው፤ ተከትሎ የሚጎርፈው ሁሉ በዚያ ደንብ በኩል ያልፋል። ከታች የተኮለኮሉት ቆጣሪዎቼ የበር ማንኳኳቱን እየቆጠሩ እንግዶቹን አላዩም። 24ቱን መስመሮች ወደ ላይ ሳወጣቸው ቁጥሩ ተስተካከለ። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ያልኩትን በቅደም ተከተሉ ፈጽሟል። ነገር ግን ሥርዓተ ቢስ አሰላለፍ ሲያገኝ አንዲት የማስጠንቀቂያ ቃል አይተነፍስም፤ የተሳሳተ ሒሳብ ከትክክለኛው ጋር አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ይወጣል። ለቆጠራ የተሠራ መሣሪያ ላይ ይህን እንደ ቀላል ጉድለት አላየውም።

በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩን ሳወጣ በ192.168.1.7 ፊት 2914006 ፓኬት፣ 3987402118 ባይት ተጽፎ አገኘሁ። አራት ጊጋባይት ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህ ቁጥር የጥጉ ሰውዬ አልነበረም፤ የተማሪውም አልነበረም። ሰው ያልተቀመጠበት ኮምፒውተር ነበር፤ ዊንዶውስ ማዘመኛውን ብቻውን እየጎተተ ነበር። ተማሪውን ጠርቼ አሳየሁት። ዞሮ ጥጉ ጋ ያለውን ሰውዬ «ይቅርታ ጋሼ» አለው።

ቆጠራው ይህን ያህል ይሄዳል፤ ከዚህ አልፎ የተላከው ምን እንደሆነ አይነግረንም። ጥናት ይሁን ፊልም፣ የፓኬቱ ሆድ የተመሰጠረ ስለሆነ ክብደቱን እንጂ ጭነቱን አናይም። እንዲህ መሆኑን እደግፈዋለሁ። መስመር ለማካፈል መጠኑ ይበቃል።

አነባበቡ ግን ያደክማል። ዝርዝሩን ለማየት ትልቁ ኤል ብቻ አይበቃም። ሰረዝ ቪ ካልተጨመረ ቆጣሪዎቹ አይታዩም፤ ሰረዝ ኤክስ ካልተጨመረ ቁጥሩ ይከረከማል። ሰረዝ ኤን ከተረሳ እያንዳንዱን አድራሻ ወደ ስም ልቀይር ብሎ ይጠይቃል፣ መስመሩ በተቋረጠ ቀን ደግሞ መልስ እየጠበቀ ይቆማል። መቼም ዝርዝሩን በጣም የምንፈልገው በዚያው ቀን ነው። ቆጣሪዎቹ የሚኖሩት በማሽኑ ማስታወሻ ውስጥ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ጎንደር ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየአምስት ደቂቃው ደንቡን ከነቁጥሩ ወደ ፋይል የሚገለብጥ ትእዛዝ እስካዘጋጅ ድረስ የስንት ቀን ሒሳብ ባክኖብኛል።

ስም የለሽነቱም አለ። የፋሲል ግቢ 12 በሮች የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ባልደራስ በር፣ እንቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር። ስሙን የሰማ ማን በየት እንደሚገባ ይገባዋል። የአይፒቴብልስ ደንብ መታወቂያው ተራ ቁጥሩ ነው፤ ከላይ አንድ መስመር ከተጨመረ ሰባተኛው ስምንተኛ ይሆንና ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ይዛባል። ማስታወሻ የሚለጠፍበት ተጨማሪ አለው፤ 256 ባይት ይችላል። አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ወደ 85 ፊደል ይሆናል። አጭር ቢሆንም በአማርኛ ይጻፍበታል፤ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ማታ ከጎንደር ሆኜ ደባርቅ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ሰርቨር ላይ ደንብ ሳስተካክል፣ የራሴን መግቢያ ሳልፈቅድ የኢንፑትን መነሻ ውሳኔ «ይጣል» አደረግሁት። የመጨረሻውን ቁልፍ ስጫን ገጹ ደረቀ። በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ከዚያ የደባርቅ ብርድ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው። አይፒቴብልስ አፕላይ የሚባል አጋዥ ትእዛዝ አዲሱን ደንብ ጭኖ «ገብተሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ ካጣ የቀድሞውን ይመልሳል። ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ዋናው ትእዛዝ ግን አፋፍ ላይ ቆመን እያየ ስለ እሱ አያነሣም።

ተተኪው ኤንኤፍቴብልስ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ከሊኑክስ 3.13 ጋር መጣ፤ ከ2019ኙ ዴቢያን 10 ጀምሮ አይፒቴብልስ ብለን ብንጽፍም ከሥር የሚሠራው እሱ ነው። ብዙዎቹን ቅሬታዎቼን መልሷል። ቆጣሪ በስም ይጠራል፤ ሙሉው ደንብ ከአንድ ፋይል በአንድ ጊዜ ይጫናል፣ ስህተት ካለበት ምንም ሳይነካ ይቀራል። ሁለት ነገር ግን አሳነሰብኝ። ስሙ በላቲን ፊደል ካልሆነ አይቀበልም። ደንቡም ቁጠር ካልተባለ አይቆጥርም፤ ለፍጥነት ነው ይላሉ፣ እውነትም ነው። ነገር ግን ችግር ከደረሰ በኋላ ወደ ኋላ ዞሮ የሚታይ ቁጥር አይኖርም፤ አሮጌው ሳይጠየቅ ያስቀመጠልኝን አዲሱ አስቀድሜ እንዳስብለት ይፈልጋል። አዲስ ለሚጀምር ሰው ያም ሆኖ ኤንኤፍቴብልስን እመክራለሁ።

ደባርቅ ያለው ሰርቨር ዛሬም በአይፒቴብልስ አጻጻፍ ነው የሚሠራው። እዚያ ተረክቦ የሚጠብቀው ወጣት የለመደው እሱን ነው። ከአናቱ ባሉት የቆጠራ መስመሮች ላይ ማስታወሻ ለጥፌለታለሁ፦ «እነዚህ ከላይ ይቆዩ፤ ካወረድካቸው ቆጣሪው ያታልልሃል።»