የጥልቅ ባሕር ዓሣ አጥማጅ ጀልባ፦ ዋጋውና ምቾቱ

ከዳርቻ ርቆ ዓሣ የሚያጠምድ ጀልባ ዋጋም ምቾትም በመጀመሪያ የሚወሰኑት በርቀት ነው። በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ቱና፣ ማርሊንና ዶራዶ የተባሉት ዓሦች የሚፈለጉት ውሃው በሚጠልቅበትና በሚሞቅበት ስፍራ ሲሆን፣ ይህ ስፍራ ለአንዱ ወደብ ቅርብ ለሌላው ሩቅ ነው። ከማያሚና ከፓልም ቢች ፊት ለፊት ገልፍ ስትሪም የተባለው ሞቃት የባሕር ጅረት ወደ የብሱ ተጠግቶ ስለሚያልፍ ጥቂት ማይል የሄደ ጀልባ ይደርስበታል። በሰሜን ካሮላይና ከኦሬገን ኢንሌት የሚወጣ ጀልባ ግን ከ30 እስከ 40 ማይል ይጠብቀዋል። ከዋሽንግተን በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል በምትርቀው በሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ፣ ነጭ ማርሊን ወደሚጠመድባቸው የባሕር ውስጥ ሸለቆዎች ለመድረስ ከ50 ማይል በላይ ይኬዳል። ከኒው ዮርክ ወደብ እስከ ሃድሰን ሸለቆ አፍ ደግሞ 100 ማይል ገደማ ነው። እዚህ ላይ የሚነሣው ማይል የባሕር ማይል ሲሆን 1.85 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለማያሚ የሚበቃ ጀልባ ለኦሽን ሲቲ ላይበቃ ይችላል፤ ለኦሽን ሲቲ የተሠራው ደግሞ ማያሚ ላይ ያለ ሥራው የተገዛ ጉልበት ይሆናል።

10 ሜትር ርዝመት ያለው ጀልባ ውሃውን እየሰነጠቀ ብቻ ከሄደ ፍጥነቱ በሰዓት ከ8 ማይል እምብዛም አያልፍም፤ ራሱ የሚፈጥረው ሞገድ ይይዘዋል። በዚህ አካሄድ 50 ማይል ከ6 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ደርሶ መልሱ ቀኑን ይበላዋል። ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት ያለበት ጀልባ ስለዚህ ከውሃው ውስጥ ተነሥቶ በውሃው ላይ መሮጥ ይኖርበታል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ነው። ከአንዱ ሞገድ ጫፍ ወደ ሌላው የሚወረወር ጀልባ ሆዱ ውሃው ላይ ይፈጠፈጣል። ወገብ የሚሰብረው ይኸው ሩጫ ነው፤ ቤንዚኑን የሚጠጣውም እሱው ነው።

ለዚህ ችግር እስከ ዛሬ የሚሠራበትን መልስ ያመጣው ሬይ ሃንት የተባለ አሜሪካዊ የጀልባ ንድፍ ባለሙያ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ፈጣን ጀልባዎች ፊታቸው ሾጣጣ፣ የኋላ ሆዳቸው ግን ጠፍጣፋ ነበር። ሃንት የሆዱን የቪ ቅርጽ ከፊት እስከ ኋላ ሳያላላ ቀጠለው፤ የኋላው ጠርዝ ላይ ሳይቀር እያንዳንዱ ጎን ከአግድም 24 ዲግሪ አካባቢ እንዲያጋድል አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1960 ዲክ በርትራም የተባለ ተወዳዳሪ በዚህ ንድፍ የተሠራችውን «ሞፒ» ይዞ በተናወጠ ባሕር ከማያሚ እስከ ናሳው የተደረገውን ውድድር አሸነፈ። በማግሥቱ ዓመት በርትራም የተባለው ባለ 31 ጫማ ጀልባ በፋይበርግላስ ተሠርቶ ለገበያ ቀረበ። በዚያው በ1960 በሰሜን ካሮላይና ዊሊስ ስሌን የተባለ ሰው የሃተራስ ርእሰ ምድርን አስቸጋሪ ውሃ የሚቋቋም ባለ 41 ጫማ የፋይበርግላስ ጀልባ አሠራ። የተሠራበት ከተማ ሃይ ፖይንት ከባሕር ርቆ የሚገኝ፣ በቤት ዕቃ ሥራው የሚታወቅ ነው፤ ሃተራስ የተባሉት የመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች የውስጥ እንጨት ሥራ ለምን እንደዚያ እንዳማረ ለመገመት አያስቸግርም።

ጥልቁ ቪ ግን በነፃ አልመጣም። ሾጣጣ ሆድ ከጠፍጣፋው ያነሰ ወደ ላይ የመነሣት ኃይል ስላለው፣ ያንኑ ክብደት በዚያው ፍጥነት ለመሸከም ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት ይጠይቃል። ተጨማሪ ጉልበት ከባድ ሞተርና ትልቅ የነዳጅ ታንክ ያስከትላል፤ ታንኩ ክብደት ይጨምራል፣ ክብደቱም መልሶ ጉልበት ይጠይቃል። ሁለተኛው ዕዳ ጀልባው ሲቆም ይታያል። በሩጫ ጊዜ ማዕበሉን እንደ ቢላ የሚቆርጠው ሆድ ሞተሩ ዝግ ሲል የሚደገፍበት ጠፍጣፋ ነገር ስለሌለው ግራና ቀኝ ይዋልላል። ጥንድ ቀፎ ያለው ካታማራን ይህን መዋለል ይቀንሳል፤ የእሱ ውዝዋዜ ግን አጭርና ቁጡ ነው፣ ከዚያም በላይ ቢያንስ ሁለት ሞተር ይፈልጋል።

ይህ የመዋለል ጉዳይ ገዢዎች አቅልለው የሚያዩት፣ ሻጮችም ሊያነሡት የማይፈልጉት ነው። አንድ የአጥማጅ ቀን ቢከፋፈል ሩጫው ጠዋትና ማታ ሁለት ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ቀሪው ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያልፈው ማጥመጃውን ከኋላ እየጎተቱ በሰዓት ከ6 እስከ 9 ማይል በመጓዝ፣ ወይም ሞተር አጥፍቶ በመንሳፈፍ ነው። ጀልባ ሲሸጥ ግን የሚለካው ከነፋስ በተከለለ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ጠዋት በሚደረግ የሙሉ ፍጥነት ሩጫ ነው። ጀልባን በእውነት ለመፈተን ክፍት ባሕር ላይ ማውጣት፣ ለሞገዱ ጎኑን ሰጥቶ ሞተሩን ማጥፋትና አንድ ሰዓት መቀመጥ ያስፈልጋል። ይህን ፈተና የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው፤ በፈቃዱ የሚያቀርብ ሻጭ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ሰውን የሚያጥወለውለው የሞገዱ ቁመት ብቻ አይደለም። በንዝረት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከሁሉ ይበልጥ የሚያቅለሸልሸው በ5 ሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ የሚደጋገም ዝግ ያለ ወደ ላይና ወደ ታች የመነሣትና የመውረድ እንቅስቃሴ ነው። የሚንሳፈፍ ጀልባ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወዛወዘው በዚሁ አካባቢ ነው። በጀልባው ላይ እንቅስቃሴው የሚቀንሰው ከመካከል ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ ወለሉ ዝቅ ብሎ ሲሆን፣ በተቃራኒው ዓሣ ለማየት የሚወጣበት ማማ የወለሉን ትንሽ ዘንበል ማለት ወደ ትልቅ ውርወራ ይለውጠዋል። በጋቢናው ውስጥ ሆኖ አድማስን ማየት ያልቻለ ሰው ውጭ ከተቀመጠው ቀድሞ ይታመማል። የሞተር ጭስም ሕመሙን ያባብሰዋል። በሸራ የተዘጋ ጋቢና ጀልባው ወደ ፊት ሲሄድ ከኋላው ያለውን ጭስ ስቦ የማስገባት ጠባይ አለው፤ ይህ የምቾት ብቻ ሳይሆን የካርቦን ሞኖክሳይድ አደጋም ጉዳይ ነው።

ለመዋለሉ በገንዘብ የሚገዛ መድኃኒት ጋይሮ ነው። አየር በተሟጠጠ ሳጥን ውስጥ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር የሚሽከረከር ከባድ መንኰራኵር የጀልባውን የጎን ውዝዋዜ ይይዛል። ጀልባው ቆሞም ስለሚሠራ ለአጥማጅ ከውሃ በታች ከሚዘረጉ ክንፎች ይሻላል። ዋጋው ግን ከመጫኛው ጋር በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል፤ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከዚህም ጋር የፊቱን መፈጥፈጥ አያስቀርም። ጋይሮ ለመግዛት የቀረበ ሰው ያንኑ ገንዘብ ትንሽ ለሚረዝምና ለሚከብድ ቀፎ ቢያወጣው በሩጫውም በመንሳፈፉም ይጠቀማል፤ መንኰራኵሩ በዋናነት የሚረዳው በመንሳፈፉ ነው።

የመፈጥፈጡ ጉዳት ከሚታሰበው በላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ለሠራተኞች ባወጣው የንዝረት መመሪያ፣ ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን መላ ሰውነት ሊሸከመው የሚፈቀደው ጣሪያ 1.15 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው፤ ገና 0.5 ላይ አሠሪው እርምጃ መጀመር አለበት። በሞገድ ላይ የሚሮጥ ጀልባ ይህን ገደብ በቀላሉ ያልፋል። ምትን የሚውጡ ባለ ስፕሪንግ ወንበሮች የሚረዱት የተቀመጠውን ሰው ነው፤ አጥማጅ ግን ቀኑን በአብዛኛው የሚያሳልፈው ቆሞ ነው። ለቆመ ሰው ዋናው ነገር የጀልባው ጠርዝ ከፍታ ነው። ጠርዙ ከጉልበት በታች ከሆነ ዓሣውን በሜንጦ የሚያነሣው ሰው አብሮ ይወድቃል፤ በጣም ከፍ ካለ ዓሣውን ማግኘት ያቅተዋል። ጭኑ መሃል ላይ የሚደርስና ስፖንጅ የተለበጠበት ጠርዝ፣ የማያንሸራትት ወለል፣ እግር ከታች የሚገባበት ክፍተት፦ ሦስቱም ርካሽ ናቸው፣ ሦስቱም ከቆዳ ወንበር ይልቅ ማታ ላይ ይታወሳሉ።

ከማንኛውም ዕቃ በላይ የሚያስመቸው ግን የፍጥነት መቀነሻው እጀታ ነው። ለሞገድ ፊት ለፊት ሲኬድ ፍጥነቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ምቱን በብዙ ይቀንሳል፤ ከኋላ ያሉትን የማስተካከያ ክንፎች ወደ ታች አድርጎ ሾጣጣውን ፊት ውሃ ውስጥ ማቆየትም ይረዳል። ከኋላ ሞገድ ሲመጣ ግን ያው ፊት መነሣት አለበት፤ ውሃ ውስጥ ከተቀበረ ጀልባው ይጠመዘዛል። በኦሬገን ኢንሌት አሸዋማ አፍ ላይ ሲገቡ ይህን አለማወቅ ነፍስ ያስከፍላል። ትንበያ ሲነበብም ቁመቱን ብቻ ማየት አይበቃም። በ9 ሰከንድ ልዩነት የሚመጣ 1 ሜትር ከ20 ሞገድ ያዝናናል፤ ያው ቁመት በ4 ሰከንድ ልዩነት ሲመጣ ቀኑን ያበላሻል። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ተንሳፋፊ መለኪያዎች ሁለቱንም ቁጥር ይሰጣሉ። ገልፍ ስትሪም ወደ ሰሜን ሲፈስ ነፋሱ ከሰሜን ከመጣ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በዚያ ቀን ወደብ መቆየት ገንዘብም ወገብም ያተርፋል።

ወደ ዋጋው ሲመጣ ርዝመት አሳሳች መለኪያ ነው። ጀልባው በ10 በመቶ ሲረዝም ስፋቱና ጥልቀቱም ከተከተሉት ይዘቱ በ33 በመቶ ያድጋል፤ ዋጋው የሚከተለው ይዘቱን እንጂ ርዝመቱን አይደለም። መሪው መሃል ላይ የቆመበት፣ ሴንተር ኮንሶል የሚባለው፣ 10 ሜትር ገደማ የሆነና ባለ 300 የፈረስ ጉልበት ሦስት ሞተር የተንጠለጠለበት አዲስ ጀልባ ዛሬ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ሞተሮቹ የዚህን ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይይዛሉ። ሜርኩሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ባለ 600 የፈረስ ጉልበት ሞተር አንዱ ብቻ ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ አራት አምስት የሰቀሉ ጀልባዎችም አሉ። ይህ ሞተር የማብዛት ውድድር ዓሣ ከማጥመድ ይልቅ ወደብ ላይ ከመታየት ጋር የበለጠ ዝምድና አለው።

ነዳጁን ለመገመት የሚሠራበት ደንብ ቀላል ነው፦ ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተር በሙሉ ፍጥነት በሰዓት የሚፈጀው የፈረስ ጉልበቱን አንድ አሥረኛ ያህል ጋሎን ነው። 900 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 90 ጋሎን፣ ማለትም 340 ሊትር ያህል ይጠጣል። በመካከለኛ ፍጥነት ይህ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ሆኖም ለ40 ማይል ደርሶ መልስና ለቀኑ ጉተታ ከ400 ሊትር በላይ ማሰብ ያስፈልጋል። የወደብ ነዳጅ ደግሞ ከመንገድ ዳር ማደያው ይወደዳል።

ከግዢው በኋላ የሚመጣው ወጪ ዝምተኛ ነው። ባለቤቶች በየዓመቱ የጀልባውን ዋጋ አንድ አሥረኛ ያህል መመደብ ልማድ አድርገዋል። የመቆሚያው ኪራይ በጫማ ይታሰባል፤ አውሎ ነፋስ በሚበዛበት በፍሎሪዳ ኢንሹራንሱ ይከብዳል። ሞተሮቹ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ መፈተሽ አለባቸው፤ የሆዱ ቀለም ይታደሳል፤ ብረቱን ከዝገት ለማዳን ቀድመው የሚበሉት የዚንክ ቁራጮች ይለወጣሉ። ጨው የሚሠራው ጀልባው ቆሞ ሳለም ስለሆነ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚወጣ ጀልባ ወጪው በዚያው ልክ አይቀንስም። ምቾትና ዋጋ የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው፦ ቤተሰቡን አንድ ጊዜ ያሳመመ ጀልባ ከዚያ በኋላ የሚወጣው በተመረጠ ቀን ብቻ ስለሚሆን፣ በርካሽ የተገዛው ከውዱ ይልቅ በእያንዳንዱ ጉዞ የበለጠ ያስወጣል።

ገንዘቡ ለአዲስ የማይበቃ ሰው አሮጌ ነገር ግን ጠንካራ ቀፎ ገዝቶ አዲስ ሞተር ማስገባት ይችላል። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ በርትራሞች ዛሬም በዚህ መንገድ ይሠራሉ። አደጋው ከላይ አይታይም። በብዙ አሮጌ ጀልባዎች በፋይበርግላሱ መሃል እንጨት አለ፤ በአንዲት ያልታሸገች የብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ ወለሉንና ሞተሩ የሚሰቀልበትን የኋላ ግድግዳ ለዓመታት ያበሰብሳል። ወለሉን በመዶሻ እጀታ መምታት የመጀመሪያው ምርመራ ነው፤ ደረቅ ስፍራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድፍን። ከግዢ በፊት እርጥበት የሚለካ መሣሪያ የያዘ ገለልተኛ መርማሪ መቅጠር ያስፈልጋል። ስለ መንሳፈፍም መጠየቅ ተገቢ ነው፦ የአሜሪካ ሕግ ውሃ ቢሞላም እንዳይሰጥም የሚያስገድደው ከ20 ጫማ በታች የሆነውን ተራ ጀልባ ነው፤ ከዚያ በላይ እንደ ቦስተን ዌለር ሆዱን በአረፋ የሚሞላ ሠሪ በራሱ ፈቃድ ያደርገዋል።

ሦስተኛው መንገድ መከራየት ነው። በኦሬገን ኢንሌትና በኦሽን ሲቲ ሙሉ ቀን ከካፒቴንና ከረዳት ጋር የሚከራይ ጀልባ በአብዛኛው ከ2 ሺህ እስከ 3 ሺህ ዶላር ይጠይቃል፤ ነዳጁና ዕቃው ብዙውን ጊዜ በዚያው ውስጥ ነው። የባሕር ዳርቻ ጥበቃው የማይመረምራቸው እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ከስድስት በላይ ተሳፋሪ መጫን ስለማይፈቀድላቸው ሒሳቡ ለስድስት ይካፈላል። የ400 ሺህ ዶላር ጀልባ ባለቤት ሞተር ሳያስነሣ በዓመት የሚያወጣው 40 ሺህ ዶላር 16 ያህል የኪራይ ቀን ይገዛል፤ በመካከለኛው አትላንቲክ አየሩ ከሚፈቅድለት የበጋ ቅዳሜና እሑድ ብዛት ጋር ሲተያይ ይህ ትንሽ አይደለም። የሚከራይ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ጀልባው ርዝመትና ክብደት፣ አየሩ ሲበላሽ የተከፈለው ገንዘብ ስለ መመለሱና የተጠመደው ዓሣ የማን እንደሚሆን ነው። ለረዳቱ ከኪራዩ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ መስጠት የተለመደ ስለሆነ ከሒሳቡ ጋር አብሮ ይታሰባል።